ከብራና ዓምድ እስከ ድረ ገጽ፤ የገጽ አቀማመጥ በኢትዮጵያ ጽሕፈት ታሪክ

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ጽሕፈት ታሪክ የተጻፉ ጥናቶች ባመዛኙ የሚያተኩሩት በፊደሉ አመጣጥ፣ በመጻሕፍቱ ይዘትና በደራስያኑ ማንነት ላይ ነው። ጽሑፉ በገጹ ላይ እንዴት እንደ ተቀመጠ፣ ስንት ዓምድ እንደ ተሰጠው፣ ኅዳጉ ምን ያህል እንደ ሰፋ፣ አርእስቱ ከሐተታው በምን እንደ ተለየ የሚመለከተው ጉዳይ ግን የብራና መጻሕፍትን ከሚመዘግቡ ሊቃውንት ክበብ እምብዛም ወጥቶ አያውቅም። ይህም የሆነው የገጽ አቀማመጥ የጌጥ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታሰብ ይመስለናል። በእኛ አስተያየት ግን የገጽ አቀማመጥ የሥልጣንም ጉዳይ ነው። ለየትኛው ቃል የትኛው ስፍራ እንደሚሰጥ፣ የአንባቢውም ዓይን አስቀድሞ ወዴት እንደሚያርፍ የሚወስነው ገጹን የሚከፍለው ወገን ነውና።

ጉዳዩን ዛሬ ለማንሳት ያነሣሣን ምክንያት አለ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ድምፅ አሰጣጥ የሚነገረውን ማስታወቂያ በብዛት የሚያገኘው ፖርታል በሚባሉት የድረ ገጽ መግቢያዎች በኩል ሆኗል። የእነዚህ መግቢያዎች ገጽ እንደ መጽሐፍ ገጽ የረጋ አይደለም። በሰፊ መስኮት ላይ ሦስት ዓምድ ሆኖ የታየው በእጅ ስልክ ላይ አንድ ዓምድ ይሆናል፤ ክፍሎቹም ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራሉ። አማርኛ በዚህ ተለዋዋጭ ገጽ ላይ ምን ስፍራ አገኘ የሚለው ጥያቄ ረዥም ታሪክ ያለው ጥያቄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው ነጥብ አንድ ነው። ገጽ እንደ ልብ ሊዘረጋና ሊሰበሰብ የሚችለው ፊደሉ ከመልኩ ተለይቶ የራሱ ማንነት ሲኖረው ነው። ፊደላችን ይህን ማንነት በኮምፒዩተር ዓለም ያገኘው ዘግይቶ ነው። በመዘግየቱም ምክንያት በስደት የተጻፈው የአንድ ትውልድ ጽሑፍ ከማንኛውም አዲስ ገጽ ውጭ ሊቀር ተቃርቧል።

፩. ቁም ጸሐፊው እና ዓምዶቹ

ቁም ጸሐፊ ከመጻፉ አስቀድሞ ገጹን ያሰናዳል። ብራናው ተፍቆና ለስልሶ ካበቃ በኋላ ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም በሌለው ደነዝ መሣሪያ መስመር ይሰመርበታል። መስመሩ ለአንባቢው እምብዛም አይታይም፤ ጽሑፉን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚገዛው እርሱ ነው። የዓምዱ ብዛትና ስፋት፣ የመስመሩ ቁጥር፣ የኅዳጉም መጠን የሚወሰነው አንድ ፊደል እንኳ ከመጻፉ በፊት ነበር።

ይህ አሰነዳድ ለሁሉም መጽሐፍ አንድ ዓይነት አልነበረም። የብዙዎቹ መጻሕፍት ገጽ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ በተለይ ከጎንደር ዘመን ወዲህ ደግሞ በትልልቁ ብራና ላይ ሦስት ዓምድ ማድረግ ተለመደ። ዳዊት ግን በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱን መስመር ይዞ እንዲቆም ነው። መስመሩ ሲጠብበት ጸሐፊው የተረፈውን ፊደል ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ያኖረዋል እንጂ የሚቀጥለውን ስንኝ ቦታ አይነካም። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ የሚገኘው ውዳሴ ማርያም ደግሞ ዘወትር በሁለት ዓምድ ይጻፋል። እንግዲህ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ሁለት አቀማመጥ ይገኛል፤ የለውጡም ምክንያት የጽሑፉ ጠባይ ነው።

ከዚህም ይበልጥ የሚያስደንቀው በወንጌል መጻሕፍት መግቢያ ላይ የሚገኘው የአውሳብዮስ ቀመር ነው። የቂሣርያው አውሳብዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዘጋጃቸው አሥር ሠንጠረዦች አራቱ ወንጌላት የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን ምንባብ በቁጥር ያመለክታሉ። ከዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት ወንጌላት፣ ብራናቸው ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተመደቡት፣ እነዚህን ሠንጠረዦች በአዕማድና በቅስት መካከል ደርድረው ያሳያሉ። አንባቢው ቁጥሩን ይዞ ከማቴዎስ ወደ ሉቃስ ይሻገራል። ይህ ገጽ የሚነበብ ሐተታ የለውም፤ ተግባሩ ወደ ሌሎች ገጾች ማስገባት ነው። ዛሬ ፖርታል የምንለውም ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለ ቁም ጸሐፊው ሥርዓት ሦስት ነገሮችን ለቀጣዩ ሐተታችን ማስቀመጥ ይገባናል። አንደኛ፣ ጸሐፊው በመስመሩ መጨረሻ ላይ ቃሉን በየትኛውም ፊደል መካከል ይቆርጠዋል፤ የመቁረጫ ምልክትም አያደርግም። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለሆነ አንባቢው አይሳሳትም። ሁለተኛ፣ አርእስትንና ቅዱሳት ስሞችን የሚለየው በቀይ ቀለም እንጂ ፊደሉን በማዘንበል ወይም በማግዘፍ አልነበረም። ሦስተኛ፣ ለባለመጽሐፉ በሚደርሰው ጸሎት ውስጥ ስሙ የሚገባበት ቦታ ክፍት ይተው ነበር፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥም የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይገባበታል። አንዱ ጽሑፍ ለልዩ ልዩ ሰው እንዲስማማ ሆኖ መዘጋጀቱ በብራናው ዘመንም የታወቀ ነገር ነበር።

፪. የባዕድ ማተሚያ እና የጋዜጣው ዓምድ

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታተመው መጀመሪያ በሮም ነው። የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን በዚያ ከሚገኙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 ዳዊትን አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ደግሞ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቹ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። አሳታሚዎቹ ለስሕተታቸው አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ አታሚዎቹ ግዕዝን ማንበብ የማይችሉ፣ እነርሱ ደግሞ የማተምን ሥራ የማያውቁ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ ይቅርታ በዚያ አያበቃም። ፊደሉን የሚያውቀው ወገን መሣሪያውን የማያውቅበት፣ መሣሪያውን የያዘው ወገን ፊደሉን የማያውቅበት ሁኔታ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ታይቷልና።

ማተሚያው ወደ አገር ገብቶ ሲደላደል ገጹም ተለወጠ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ፣ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለው የግሪክ ተወላጅ የጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣ በመጀመሪያው ጊዜ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይሰራጭ ነበር። በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ፤ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ።

ጋዜጣው ለአማርኛ አንባቢ ያመጣው ለውጥ ከአዲስ ወሬ አልፎ የሚሄድ ነው። በብራናው ገጽ ላይ ሁለተኛው ዓምድ የአንደኛው ተከታይ ነበር፤ አንባቢው ከላይ እስከ ታች አንዱን ፈጽሞ ወደ ሌላው ይሻገራል። በጋዜጣው ገጽ ላይ ግን ጎን ለጎን የቆሙት ዓምዶች ዝምድና የላቸውም። የመንግሥት ዐዋጅ፣ የንግድ ማስታወቂያና የውጭ አገር ዜና በአንድ ገጽ ተጎራብተው ይቆማሉ። አንባቢው ከየትኛው እንደሚጀምር ራሱ ይመርጣል፤ አዘጋጁ ደግሞ የቱን ከላይ፣ የቱን ከታች እንደሚያደርግ ይመርጣል። ገጽ የልዩ ልዩ ጉዳዮች መሰብሰቢያ ሰሌዳ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

፫. የጠበበው ሣጥን

የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ፊደላችን ከብዛቱ የተነሣ ለመሣሪያው አልመች አለ። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የላቲኑ መኪና ግን የተሠራው ለጥቂት ዐሥር ቁልፎች ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ ችግሩን የፈቱት ፊደሉን በክፍልፋይ በመሥራት ነበር። ግዕዙ ከተመታ በኋላ የካዕቡ፣ የሣልሱ ወይም የራብዑ ምልክት ይቀጠልለታል። ሥራው ብልሃት ያለበትና ለአገር ትልቅ አገልግሎት የሰጠ ነው። የፊደሉ ቅርጽ ግን ተጎድቷል። በ1940 ዓ.ም. «ፊደልን ማሻሻል» በሚል ርእስ በታተመው መጽሐፍ የተንጸባረቀው ክርክርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። መሣሪያው ለፊደሉ ይስተካከል ወይስ ፊደሉ ለመሣሪያው ይቀነስ የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን በይፋ ተነሣ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ይኸው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የአሜሪካ የፊደል መለያ ሥርዓት 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ በኋላ የተስፋፋውም ከ256 አላለፈም። ከዚህ ውስጥ ብዙው ለላቲኑ ፊደልና ለመሣሪያው ትእዛዞች የተያዘ ስለሆነ የእኛ ፊደል በሙሉ ሊገባበት አልቻለም።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስደትና በአገር ቤት የነበሩ ባለሙያዎች ይህን ሣጥን ለማስፋት ያደረጉት ጥረት ራሱን የቻለ ታሪክ ይገባዋል። ፍሥሐ አጥላው በካሊፎርኒያ በዳሸን ኢንጂነሪንግ ስም፣ ዶክተር አበራ ሞላ በኮሎራዶ ሠርተዋል። ይትና ፍርድይወቅ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዳንኤል ያዕቆብ ጋር በመሆን፣ ግዕዝን በላቲን ፊደል ወክሎ ማስተላለፍ የሚቻልበትን «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጅተዋል። በአዲስ አበባም ልዩ ልዩ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ወጡ።

ሆኖም አብዛኛው ሶፍትዌር የሄደበት መንገድ አንድ ነበር። የላቲኑን ፊደል ቦታ ወስዶ በላዩ ላይ የአማርኛን ሥዕል ማስቀመጥ ነው። አንዱ ፊደላቱን በሁለት ፎንት ከፈላቸው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው በክፍልፋይ ቀጣጠላቸው። ሁሉም የየራሱን ሠንጠረዥ አወጣ። አንዱ «ለ» ብሎ ባስቀመጠው ቁጥር ሌላው «መ» ብሎ አስቀመጠ። ጽሑፉ አማርኛ መሆኑን የሚያውቀው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን የሚያየው ሰው ነበር። ለኮምፒዩተሩ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምችት ነው።

ለወረቀት ኅትመት ይህ እንቅፋት አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ፔጅሜከርና የሌዘር ማተሚያው በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ማተሚያ ቤት አስገኙ። ጥቂት ሰዎች በምሽት ተሰብስበው ዓምድ ያለው፣ ሥዕል የገባበት መጽሔት ማውጣት ቻሉ። የስደት ጋዜጦችና የጥናት መጽሔቶች ከዚህ መሣሪያ ብዙ ተጠቅመዋል፤ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ የፎንቱ ምሥጢር ለማንም አያስፈልግምና። ችግሩ የተገለጠው ጽሑፉ ወደ ድረ ገጽ በተዛወረ ጊዜ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት የአማርኛ ድረ ገጾች በየአንቀጹ የፎንቱን ስም የሚጠሩ ነበሩ። ያ ፎንት በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ ካልተጫነ ገጹ የማይነበብ ይሆናል። ይህን ለማምለጥ አንዳንዱ ጽሑፉን በሥዕል መልክ አቀረበ፤ አንዳንዱም በፒዲኤፍ አቀረበ። ሥዕሉም ፒዲኤፉም የረጋ ስፋት አላቸው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛውም ገጽ በሠንጠረዥ ተከፋፍሎ በነጥብ ብዛት የተለካ ነበር፤ የእኛ ግን በእጥፍ የታሰረ ሆነ። ገጹ በሠንጠረዡ፣ ፊደሉም በፎንቱ ታሰረ።

፬. ፊደል ማንነቱን ሲያገኝ

ከዚህ እስር መውጫውን ያስገኘው ዩኒኮድ ነው። የዩኒኮድ መሠረተ ሐሳብ ለእያንዳንዱ ፊደል ከመልኩ ነፃ የሆነ አንድ ቋሚ ቁጥር መስጠት ነው። «ሀ» በቀጭንም ሆነ በወፍራም፣ በትልቅም ሆነ በትንሽ ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ነው። ከላይ ስማቸውን ያነሣናቸውና ሌሎችም ባለሙያዎች ከብዙ ክርክር በኋላ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ 345 ምልክቶችን ይዞ እንዲገባ አስችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 በተደረጉት ጭማሪዎች የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ፊደላትም ተካተዋል።

ቁጥሩ መሰጠቱ ብቻውን አንባቢውን አላደረሰም። በጉዳዩ ላይ ልዩ ክትትል የሌለው ተራ አንባቢ ፎንት ሳይፈልግ አማርኛ ማንበብ የቻለው በተለይ «ኒያላ» የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ ነው። እንግዲህ ድረ ገጽ ለሕዝብ ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል የአማርኛ ጽሑፍ በዚያ ዓለም የቆየው በውሰት ማንነት ነበር ማለት ይቻላል። የስደት ማኅበረሰቡ እጅግ የጻፈውና የተከራከረው በእነዚሁ ዓመታት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

፭. የሚተጣጠፈው ገጽ

ፖርታል ማለት ትልቅ መግቢያ በር ነው። የፖርታል ሶፍትዌር አሠራር ሦስት ነገሮችን በመለያየት ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ይዘቱ ነው፤ ዜናው፣ ማስታወቂያው፣ የቀን መቁጠሪያው፣ የመፈለጊያው ሣጥን። ሁለተኛው ስፍራው ነው፤ ገጹ የተከፈለባቸው ዓምዶችና ሰቆች። ሦስተኛው መልኩ ነው፤ ቀለሙ፣ የፊደሉ ዓይነትና መጠን። አስተዳዳሪው አስቀድሞ ከተዘጋጁት ንድፎች አንዱን ይመርጣል፤ አንድ ዓምድ፣ ሁለት እኩል ዓምድ፣ ሠላሳ በመቶና ሰባ በመቶ የሆኑ ሁለት ዓምዶች፣ ወይም ሦስት ዓምድ። ከዚያም ይዘቶቹን አንድ በአንድ አንሥቶ በየስፍራቸው ያኖራል። ነገ ንድፉን ቢለውጥ ይዘቶቹን እንደገና መጻፍ አያስፈልገውም። ቁም ጸሐፊው ባዶውን ብራና እንዳሰመረ ሁሉ የፖርታሉ አስተዳዳሪም ባዶውን ገጽ ያሰምራል፤ ልዩነቱ መስመሩን ከጽሑፉ በኋላም ሊለውጠው መቻሉ ነው።

ይህ አሠራር ደረጃ በደረጃ የመጣ ነው። ያሁ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠቃሚው ገጹን ራሱ የሚያደራጅበትን አገልግሎት ከፈተ። በዚያው ዓመት መልክን ከይዘት ለይቶ የሚይዘው ሲኤስኤስ የተባለው ደንብ ጸደቀ። ላይፍሬይ በ2000፣ ድሩፓል በ2001፣ ጁምላ በ2005 ተጀመሩ፤ የአንዱ ፖርታል ክፍል በሌላው እንዲሠራ የሚያስችለውም ደንብ በ2003 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢታን ማርኮት ዓምዶች በነጥብ ሳይሆን በመቶኛ እንዲለኩና እንደ መስኮቱ ስፋት እንዲሰበሰቡ የሚያደርገውን ስልት ስም ሰጥቶ አስፋፋው። በ2017 ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ማንበቢያዎች ገጽን በሰቅና በዓምድ ያለ ሠንጠረዥ የሚከፍለውን ደንብ ተቀበሉ።

በዚህ ሁሉ የላቲኑ ጽሑፍ እንደ መለኪያ ተወስዷል። ስለዚህ አማርኛ ወደተዘጋጀው ንድፍ ሲገባ የሚገጥሙትን እንቅፋቶች መዘርዘር ጠቃሚ ነው።

የመጀመሪያው የመስመር መቁረጥ ጉዳይ ነው። አማርኛ ተውላጠ ስሙን፣ አሉታውንና መስተዋድዱን ከግሡ ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ «እንዳላስተዋወቋቸውም» የመሰለ ቃል አንድ ቃል ነው። የዩኒኮድ የመስመር ደንብ ፊደላችንን እንደ ላቲን ፊደል ስለሚቆጥረው በቃሉ መካከል እንዲቆረጥ አይፈቅድም። በሠላሳ በመቶ ዓምድ ውስጥ፣ በተለይ ለአርእስት በተመደበው ትልቅ ፊደል ሲጻፍ፣ እንዲህ ያለው ቃል ከሣጥኑ ወጥቶ የጎረቤቱን ዓምድ ይሸፍናል። መፍትሔው በራሳችን ቅርስ ውስጥ ይገኛል። ቁም ጸሐፊው ቃሉን በየትኛውም ፊደል ላይ ይቆርጠው ነበር። ይህን የሚፈቅድ ትእዛዝ በሲኤስኤስ ውስጥ አለ፤ ለአማርኛው ገጽ መስጠት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ትእዛዙን ለእንግሊዝኛው መስጠት ነውር ነው፤ ለእኛ ግን የአያቶቻችን ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው የአጽንዖት ጉዳይ ነው። የተዘጋጁት ንድፎች አርእስትን በትልቁ የላቲን ፊደል፣ ጥቅስን በተዘነበለ ፊደል ይለያሉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ መዘንበልም ባሕርዩ አይደለም። ማንበቢያው ግን በግድ ያዘነብለዋል፤ የሚገኘውም ለዓይን የሚከብድ ጽሑፍ ነው። እዚህም ቀይ ቀለም የቀደመና የተሻለ መንገድ ነው።

ሦስተኛው የመስመር ርቀት ነው። የፊደላችን ቁመት ከላቲኑ ይልቅ ሙሉና ድፍን ስለሆነ ለላቲን የተወሰነው ርቀት ያጨናንቀዋል። አራተኛው ገጹ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈ ለማንበቢያው በግልጽ ማስታወቅ ነው። ይህ ሲደረግ ከላይ የተዘረዘሩት ትእዛዞች ሁሉ ለአማርኛው ብቻ እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል፤ ሳይደረግ ሲቀር የአማርኛው ገጽ በእንግሊዝኛው ልክ ተሰፍቶ ይቀርባል። የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት ስለ ኢትዮጵያ ጽሕፈት አቀማመጥ ያዘጋጀው ረቂቅ ሰነድ ስለነዚህ ጉዳዮች የሚናገር ቢሆንም ገጽ አዘጋጆች ዘንድ የታወቀ አይመስለንም።

፮. ሮክቪል፤ የበሩ ጉዳይ

ይህ ጉዳይ የባለሙያ ወግ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ሮክቪልን ምሳሌ እናድርግ። ሮክቪል የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ መቀመጫ ናት፤ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግም በዚያው ካውንቲ ውስጥ ትገኛለች። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2012 ከጎንደር ጋር የእኅትማማች ከተማነት ዝምድና መሥርቷል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሮክቪል የሚገኘው የካውንቲው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ለወላጆች የሚያስተላልፋቸውን ማስታወቂያዎች ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በጎረቤቱ በዋሽንግተን ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር የአገልግሎት ቋንቋ አድርጎታል። በፖቶማክ ማዶ በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወገናችንም በየዕለቱ የሚሻው ይህንኑ አገልግሎት ነው።

ይህ ትልቅ ታሪካዊ ድል ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በሮም አንድ የግዕዝ መጽሐፍ ለማሳተም የደከሙት መነኮሳት የባዕድ መንግሥት በአማርኛ ማስታወቂያ ያወጣል ብለው ባላሰቡም ነበር። ይሁን እንጂ ድሉ ምን ያህል የጸና ነው? እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ከእነርሱ ገንዘብ የሚቀበሉ ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ ያዘዙበት ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ተሽሯል። ስለዚህ የከተማና የካውንቲ አሠራር ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አግኝቷል።

በአሜሪካ በመንግሥት ፖርታሎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ልማድ እንግሊዝኛውን በሚተጣጠፈው ገጽ ላይ፣ የሌሎቹን ቋንቋዎች ትርጉም በተያያዥ ፒዲኤፍ ማቅረብ ነው። በእጅ ስልክ የሚያነብ ሰው እንግሊዝኛውን ስልኩ አስተካክሎ ያሳየዋል፤ የአማርኛውን ገጽ ግን ለወረቀት የተዘጋጀ ስለሆነ እያሰፋና ወዲያ ወዲህ እየገፋ ማንበብ ይኖርበታል። ትርጉሙ አለ፤ ስፍራው ግን የለም። ሌላው ልማድ መኪናዊ ትርጉም ነው። ጉግል አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016 ከትርጉም አገልግሎቱ ጨምሮታል። በዚህ መንገድ የሚቀርበው ጽሑፍ በገጹ ውስጥ ይገባል፤ ለእንግሊዝኛ በተሰፋ ሣጥን ውስጥ የሚገባውም ከላይ የዘረዘርናቸውን ጉድለቶች ሁሉ ይዞ ነው፤ የትርጉሙ ትክክለኛነት ሌላ ጉዳይ ሆኖ።

የዓምዶች መሰብሰብም የራሱ ሕግ አለው። ሦስት ዓምድ ወደ አንድ ሲሰበሰብ በንድፉ ውስጥ የመጨረሻ የሆነው ዓምድ ከሁሉ በታች ይወርዳል። የቋንቋ መምረጫው በቀኙ ዓምድ ውስጥ ከተቀመጠ በሰፊው መስኮት ላይ ከላይ በቀኝ ሲታይ፣ በስልክ ላይ ከብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በታች ይገኛል። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው እስከዚያ ድረስ ሊወርድ አይችልም። መምረጫውን ከገጹ አናት፣ «አማርኛ» ተብሎ በራሱ ፊደል ተጽፎ፣ ከዓምዶቹ ሁሉ በፊት ማድረግ ግን ለአስተዳዳሪው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን መጠየቅ የማኅበረሰቡ መብት ነው፤ ለመጠየቅ ግን ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

፯. የስደት መዛግብት ዕጣ

እስካሁን የተናገርነው ሌሎች ስለሚያዘጋጁልን ገጽ ነው። የራሳችን ቤትስ? በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በስደት የተጻፉት የፖለቲካ መግለጫዎች፣ የማኅበራት ቃለ ጉባኤዎች፣ ግጥሞች፣ የሙሾና የምስጋና ጽሑፎች፣ የጥናት መጽሔቶች በብዙ የፎንት ሠንጠረዦች የተጻፉ ናቸው። ዛሬ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ነው። በፒዲኤፍ የተቀመጠው ለዓይን ይነበባል፤ ቃል ቢፈለግበት ግን አይገኝም፤ ተገልብጦ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወርም ይፈርሳል። የመፈለጊያ ድርጅቶች አያዩትም፤ በስልክ አይተጣጠፍም፤ በማንኛውም ፖርታል ዓምድ ውስጥ ሊገባ አይችልም።

ይህ ጽሑፍ አልጠፋም፤ ቁልፉ ግን እየጠፋ ነው። ወደ ዩኒኮድ ለመመለስ ፋይሉ በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ ማወቅና የፎንቱን ሠንጠረዥ ማግኘት የግድ ነው። በክፍልፋይ በተሠሩት ፎንቶች ደግሞ ቅጥያው የትኛው ግዕዝ እንደሆነ ለይቶ አንድ ፊደል ማድረግ ያስፈልጋል። ሠንጠረዦቹን የሚያውቁት ባለሙያዎች በዕድሜ እየገፉ ነው፤ ፎንቶቹ ያሉባቸው ዲስኮችም እየተበላሹ ነው።

ስለዚህ በስደት የሚገኙ የምሁራን ማኅበራት ሦስት ነገሮችን እንዲያደርጉ እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ የቀድሞዎቹን ፎንቶችና ሠንጠረዦች አሰባስቦ በቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ፤ ጽሑፉ ቢተርፍ እንኳ ያለ እነርሱ አይነበብምና። ቀጥሎ፣ መጀመሪያ የተጻፈውን ፋይል ሳይነኩ ጎን ለጎን የዩኒኮዱን ቅጂ ማዘጋጀትና ዘመኑን በሚያስታውሱ ሰዎች ማስነበብ፤ መኪናው የሚስተውን የሰው ስምና የቦታ ስም የሚያርመው አንባቢ ነውና። በመጨረሻም፣ የተመለሰውን ጽሑፍ ከመልኩ ለይቶ ማስቀመጥ፤ የነገው ገጽ ምን ዓይነት እንደሚሆን ማንም አያውቅምና።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው የገጽ አቀማመጥ በኢትዮጵያ ጽሕፈት ታሪክ ውስጥ አራት መንገድ ተጉዟል። በብራናው ዘመን ፊደሉን የሚያውቀውና ገጹን የሚያሰምረው አንድ ሰው ነበር፤ ስለዚህም አቀማመጡ ለጽሑፉ ጠባይ ይታዘዝ ነበር። በማተሚያው ዘመን መሣሪያው በባዕድ እጅ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ አገር ገባ፤ ጋዜጣውም የማይዛመዱ ጉዳዮችን በአንድ ገጽ አገናኘ። በጽሕፈት መኪናውና በመጀመሪያው የኮምፒዩተር ዘመን ፊደሉ ለጠበበ ሣጥን ተቆራረጠ። ከዩኒኮድ ወዲህ ደግሞ ፊደሉ ማንነቱን ስላገኘ ገጹን በፈለግነው መልክ የማሰመር ዕድል ተከፍቷል።

ዕድሉ መከፈቱ ግን ሥራው ተሠርቷል ማለት አይደለም። የፖርታሉን ንድፍ የሚመርጡት ሰዎች ፊደላችንን አያውቁትም፤ ፊደሉን የምናውቀው ደግሞ ንድፉ እንዴት እንደሚመረጥ አብዛኞቻችን አናውቅም። የሮሙ ይቅርታ ምክንያት እስከ ዛሬ አልተወገደም ማለት ነው። በ1548 ለነበሩት መነኮሳት ይህን ጉድለት ማስወገድ ከዐቅም በላይ ነበር። ለእኛ ግን አይደለም፤ ዛሬ ወስፌውም ማስመሪያውም በእጃችን ይገኛል። የቀረው ገጹን አሰምሮ በስደት የተጻፈውን ቃል ቁልፉ ሳይጠፋ በየዓምዱ ማስገባት ነው።